ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር የሣለው መስመር

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። ጥቁሩን ልብስ ያወለቅኩት በቅርቡ ነው። ሰዎች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ መስማት የሚፈልጉት ስለ ሕመሙ ነው፤ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ስለተመላለስንባቸው ወራት፣ ስለ መጨረሻው ሳምንት። እነግራቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን የማስበው ሌላ ነው። ቀድሞ የሚመጣብኝ፣ ዛሬም ልቤን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታው፣ ገና ሳንጋባ አንድ ኮምፒውተር ሥዕል እንዲሥል ለማድረግ አብረን የታገልንበት አርባ አምስት ቀን ነው። እሱን እጽፋለሁ። በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አይሆንልኝም፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ። ስጽፍ ግን ደስ ይለኛል። ሐዘንተኛ ደስ ሲለው ነውር ይመስላል፤ እኔ ነውሩን ትቼዋለሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። መቐለ የመጣሁት አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የጉድጓድ ውሃ የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ቁጥር የሚያስገባ ሰው ፈልጎ ስለነበር ነው። በየወረዳው ያሉ ሠራተኞች በወር አንድ ጊዜ ሜትር የተለካበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ ይለቅቁና ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ በወረቀት ጽፈው ይልካሉ። እኔ ያንን ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። ሁለት ዓመት አስገባሁ። ወረቀቱ ይመጣል፣ ቁጥሩ ይገባል፤ ወደ ላኩት ሰዎች ተመልሶ የሚሄድ ነገር ግን አልነበረም። የውቕሮ ወረዳዋ የውሃ ባለሙያ አንድ ቀን ስልክ ደውላ፣ «ስሚ፣ የምልክልሽን ወረቀት ትበይዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ጆሮዬ ይግል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ መጽሐፍ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀመርኩ። መጽሐፉ መሐል ላይ ብዙ ገጽ ይጎድለዋል፤ የጎደለውን እየሞከርኩ እየሳትኩ ሞላሁት። ሲበቃኝ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «ኢንጂነር» ነበር የምንላቸው።

«ወረዳዎቹ የየራሳቸውን ጉድጓድ በመስመር ተሥሎ እንዲያዩ ማድረግ እችላለሁ» አልኳቸው። «ውሃው ሲወርድ መስመሩ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል። የወረዳው ኮምፒውተር ምንም አይጫንበትም። በስልክ መስመር ወደ እኛ ይደውላል፣ ሥዕሉ እዚህ ተሥሎ ያልቅና ይሄድለታል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ።»

መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ «በፕሮግራመርነት እንቅጠርሽ። የሙከራ ጊዜሽ እንደ ማንኛውም ሰው አርባ አምስት ቀን ነው። በአርባ አምስተኛው ቀን አንድ ወረዳ የራሱን ጉድጓድ ካየ ቋሚ ትሆኛለሽ» አሉኝ።

«ካላየስ? ወደ ቁጥሬ እመለሳለሁ?»

«ቁጥርሽ ላይ ነገ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ ደኅና አድርገሽ አስቢበት።»

አሰብኩበት። ካልተሳካ ሻንጣዬን ይዤ ደሴ እናቴ ቤት ነው የምገባው። በማግስቱ ፈረምኩ።

ቁጥሮቹ የሚቀመጡበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚጠብቀው እሱ፣ ኋላ ባለቤቴ የሆነው ሰው ነበር። የመቐለ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። ሰርቨሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነበር፤ በመሥሪያ ቤታችን ከእሱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍሉ ስገባ ወንበር አቀረበልኝና፣ «በሊ ሓፍተይ፣ እንስማማ» አለኝ፤ እሺ እኅቴ ማለቱ ነው። «ፕሮግራሙ ያንቺ፣ ማሽኑ የእኔ። ከታመመ ግን ሁለታችንም እናስታምመዋለን።»

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሰርቨሩ፣ የሰርቨሩ ስክሪን፣ ወረዳዎች የሚደውሉበት ሞደም፣ አንድ ስልክ። መስኮቱ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ያያል። ነፋስ ሲነሣ አቧራው በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ሁሉ ነገር ላይ ያርፋል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራችን መወልወል ነበር፤ እሱ ማሽኑን፣ እኔ ስክሪኑን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥዕሉ መጣ። በኢንጂነር ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ገጹን ስከፍት፣ ነጭ መደብ ላይ ቀይ መስመር፣ ከሥሩ የወራቱ ስም፣ ከላይ የጉድጓዱ ስም በግዕዝ ፊደል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ቁጭ አለ። ያ መስመር ሁለት ዓመት ሙሉ በጣቴ ያስገባሁት ቁጥር ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁና እየሮጥኩ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አጥሮ መናገር አቃተኝ።

«ምን ሆንሽ? እሳት ነው?» አለ ተነሥቶ።

«መስመር!» አልኩት። «መስመር ወጣ!»

እሱም ሮጠ። ጸሐፊዋ እስከ ዛሬ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየተጋፉ በሯን ሲገቡ ያየችውን እያነሣች ትስቃለች።

ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ሠላሳ ሦስት ቀን ቀርቶኛል፤ ቀለሙን ማሳመር፣ ገጹን ማስተካከል ብቻ ነው። ደስታዬ ስለበዛ ለሰርቨሩ ስክሪን ዳንቴል ሠራሁለት። ያን ጊዜ በየቢሮው ያለን ሴቶች ሁሉ ለስክሪናችን ዳንቴል እንሠራ ነበር፤ አቧራም ይከላከላል፣ ያምራልም። ነጭ ክር፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ። እሱ አየውና፣ «ማሽኑ ሊዳር ነው?» አለ። አላወለቀውም።

ስህተቴ ያ ዳንቴል ነበር።

ሰኔ ሲገባ የንብረት ቆጠራ መጣ። የንብረት ክፍሉ ሹም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ኣቦይ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው ለሴት ሁሉ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ይላሉ። ደብተራቸውን ይዘው ክፍል ለክፍል እየዞሩ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ ዕቃ ካገኙ ለሚፈልገው ያዞራሉ። እኛ ምሳ በወጣንበት ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገቡ። ጠረጴዛው ፊት የሚቀመጥ ሰው የለም። ስክሪኑ ጠፍቷል፤ ከላዩ ዳንቴል ለብሷል። ማሽኑን አጥፍተው፣ ስክሪኑን ነቅለው፣ ስክሪኑ ለተበላሸበት ለመዝገብ ቤት ሰጡ። ማሽኑን ደግሞ አዛኝ ናቸውና መልሰው አበሩት። ዳንቴሉን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልን ነበር።

ከምሳ ተመልሼ ገጹን ስከፍት ሥዕሉ የለም። ቀይ መስመሬ በነበረበት ቦታ የተሰበረ ሥዕል ምልክት ብቻ። የስህተቱ መዝገብ ላይ ጃቫ ሃያ መስመር ያህል አማርሯል፤ የመጀመሪያው ሲተረጎም «ከስክሪኑ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» የሚል ነው።

«ስክሪኑን ስለወሰዱት ነው!» ብዬ ወደ ንብረት ክፍል በረርኩ። እሱም ከኋላዬ መጣ።

«ኣቦይ፣ የሰርቨሩን ስክሪን ወስደውብናል።»

«ወስጃለሁ።»

«እኮ ሥራ ላይ የነበረ ነው!»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ጓለይ፣ ዳንቴል ለብሶ ነበር። ዳንቴል ሬዲዮ ላይ አያለሁ፣ ብፌ ላይ አያለሁ። የሚሠራ ምጣድ ላይ ዳንቴል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እሱ ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ውሰጂው። ፈርመሽ ነው የምትወስጂው፣ ፈርመሽ ነው የምትመልሺው» አሉ።

ፈርሜ ወሰድኩ። ስክሪኑን ሰካነው። ሥዕሉ አልመጣም። ማሽኑን አጥፍተን አበራነው። አልመጣም። ስክሪኑ ፊታችን በርቶ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያሳያል፤ ጃቫ ግን አሁንም ስክሪን የለም ይላል።

«ቆይ» አለ እሱ። በራሱ ስም ገባና መስኮቶችና ምስሎች የሚታዩበትን ገጽታ ከፈተ። የእኔን ፕሮግራም ከዚያው ውስጥ ሆኖ አስነሣው። ሥዕሉ መጣ። ወጣ። ሥዕሉ ጠፋ። እንደገና ገባ፤ መጣ። ወጣ፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

«ገባሽ?» አለኝ።

ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝም ተቀምጬ ቀረሁ። ጃቫ አንዲት መስመር ለመሣል እንኳ አስቀድሞ ስክሪን ይፈልጋል። ስፋትህ ስንት ነው፣ ስንት ቀለም ታውቃለህ እያለ ይጠይቀዋል። ሥዕሉ ማንም ሳያየው በቀጥታ ወደ ውቕሮ የሚሄድ ቢሆንም ይጠይቃል። ደግሞም የሚፈልገው መስታወቱን አይደለም፤ የሚመልስለት፣ ገብቶ የተቀመጠ ሰው የከፈተው ገጽታ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያን ሁሉ የሮጥኩበት ሥዕል የመጣው እሱ ጠዋት በስሙ ገብቶ ስላልወጣ ነበር። ችሎታዬ የመሰለኝ ነገር የእሱ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር።

«ስለዚህ እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ይሠራል» አለ። «ምሳዬን ታመጭልኛለሽ፤ ጡረታዬን እዚሁ እወጣለሁ።»

«አትቀልድ። አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረኝ።»

«እየቀለድኩ አይደለም፤ እየቆጠርኩ ነው» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቀኖቼን እሱም እንደሚቆጥር አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ አራት ቀን ቆየሁ። ይህን ቃሉን ከጻፍኩ በኋላ መቀጠል አቃተኝ። ዛሬ ደኅና ነኝ።

ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ እንዳ ኢየሱስ ወጣን። የእኛ ኢንተርኔት በስልክ ስለሆነ አንድ ገጽ ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል የሚጠብቅ ጓደኛ ስለነበረው እስከ ስድስት ሰዓት እንድንቀመጥ ለመነልን። ዳገቱን በእግር ነው የወጣነው። ነፋሱ ነጠላዬን እየገለበጠ ያስቸግረኛል። እሱ እየቀደመ ይሄድና ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ስደርስ እንደገና ይቀድማል።

«ደሴ ዳገት የለም እንዴ?» አለ።

«ደሴ ዳገት ብቻ ናት። ዳገት ስንወጣ ግን እያወራን ነው እንጂ ሌባ እንደሚያባርር ሰው አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ሄድን።

ኮምፒውተሩ ፊት ሁለት ወንበር አስጠግተን የስህተቱን ቃል እንዳለ ጻፍኩት። ያኔ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ሌላ አገር ያለ፣ የማላውቀው ሰው፣ የእኔኑ ስህተት ቃል በቃል ጽፎ «እባካችሁ እርዱኝ» ይላል። ከሥሩ ሌላ ሰው፣ እኔም ደርሶብኛል ይላል። ከሥሩ ሌላ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ «እነዚህ ሁሉ!» ስል ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ዞረው አዩኝ። ለካ በዓለም ላይ ዳንቴል ባይሠሩም ስክሪናቸውን የተነጠቁ ሰዎች ሞልተዋል።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው የውሸት ስክሪን ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ተደብቆ፣ ጃቫ ሲጠይቀው እንደ እውነተኛ ስክሪን የሚመልስ ፕሮግራም። ሁለተኛው ጃቫ ሲነሣ በትእዛዙ መስመር ላይ አንድ ቃል ጨምሮ፣ ስክሪን የለህም፣ በራስህ ሣል ብሎ መንገር ነው።

እሱ የመጀመሪያውን ወደደ። «የውሸቱን እንስጠው። የለመደውን ያገኛል፣ አይጠይቀንም።»

«ለምን እንዋሸዋለን? እውነቱን እንንገረው።»

«እውነቱን ሰምቶ ቢደነግጥስ?»

«አንተ ዕረፍት ላይ ሆነህ የውሸቱ ስክሪን ቢዘጋስ? ማንን ልጥራ?»

«እዋይ! ገና ካሁኑ ዕረፍት ልታስወጪኝ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ ደብተሬን ወስዶ ሁለቱንም ገለበጠ፤ የእኔን ግን ከላይ ጻፈው።

ሰኞ ጠዋት አቧራውን እንኳ ሳንወለውል ቁጭ አልን። ስክሪን ስለሌለን እሱ የሚሠራው ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሆኖ በሽቦ ወደ ሰርቨሩ እየገባ ነበር። ቃሉን ትእዛዙ ላይ ጨመረው። ትርጉሙ ራስ የሌለው ማለት ነው።

«ራስ የሌለው ነገር መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም» አለ፤ ጸሐፊዋ እንዳልሰማች ሆና ወረቀቷን አገላበጠች።

አስነሣው። ገጹን ከፈትኩ። ቀዩ መስመር መጣ። ስክሪን የለም፣ በስሙ የገባ የለም፣ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ መስመሩ ግን መጣ! ጸሐፊዋን አቀፍኳት። እሱን ላቅፈው ዞርኩና መሐል መንገድ ላይ ትዝ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁለት። በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ያኔ ጸሐፊዋ፣ «ይኼ ከላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች።

የጉድጓዱ ስም በነበረበት ቦታ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ከሥር የወራቱ ስምም ሳጥን ነው። ሌላ ጉድጓድ ከፈትኩ፤ ሳጥን። ሌላ፤ ሳጥን። ማይ በትግርኛ ውሃ ነው፤ ማይ እገሌ፣ ማይ እገሌ እያልን የምንለያቸው ጉድጓዶች ሁሉ አንድ ስም ነበራቸው። መስመሩ አለ፤ የማን መስመር እንደሆነ ግን ውቕሮም ልታውቅ አትችልም።

ዘጠኝ ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሰባቱን በላብኝ። ፕሮግራሜን ገልብጬ አየሁት፤ ቁጥሮቹ የገቡበትንም ፈተሽኩ፤ ፊደሉ እዚያ በትክክል አለ። ሥዕሉ ላይ ሲደርስ ሳጥን ይሆናል። በሰባተኛው ቀን ምሳ አልበላም ብዬ ስቀመጥ እሱ ሙዝ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እኔ በስሜ ስገባ ፊደሉ ይታይ ነበር። ያኔ ፊደሉን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«ገጽታው ነዋ። አንተ የግዕዝ ፊደሉን እዚያ...»

አልጨረስኩትም። ሁለታችንም እኩል ተነሣን። ፊደሉን የጫነው እሱ ራሱ ነው፤ የጫነው ግን ለስክሪኑ ገጽታ ነው። ጃቫ ስክሪን የለህም ሲባል ያንን ገጽታ መጠየቅ ተወ፤ የቀረው የራሱ የፊደል ማስቀመጫ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ግዕዝ የለም። የማያውቀውን ፊደል ባዶ ሳጥን አድርጎ ይሥላል።

እየሮጥን መዝገብ ቤት ገባን፤ እዚያ ባለው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደል እንዳለ አውቃለሁ። በፍሎፒ ገለበጥነው። የመጀመሪያው ፍሎፒ የተበላሸ ሆነ። ሁለተኛው አነበበ። እሱ በጃቫው የፊደል ማስቀመጫ ውስጥ ጨመረው፣ ፕሮግራሙን አጠፋው፣ አስነሣው።

«አንቺ ክፈቺው» አለኝ።

ከፈትኩ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመጣው ስሙ ነው። «ማ»። «ይ»። ከዚያ የቀረው። እሱ ሙዙን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ።

አርባ አምስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ውቕሮ እንድትደውል ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እዚያ ያለው የስልክ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲይዘው ሰው መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉን ከወሰደች በኋላ መስመሩን ዘግታ ልትደውልልኝ ነው የተስማማነው።

ኢንጂነር መጡ። ከእሳቸው ጋር ኣቦይ መጡ፤ ለካ የቅጥር ኮሚቴው አባል ናቸው። ጠባቧ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆምን።

ኢንጂነር ጠረጴዛውን አዩ። «ስክሪኑስ?»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ ኣቦይ፣ ቀና ብለው።

«ታዲያ እኛ ምን ልናይ መጣን?»

«እዚህ ምንም አይታይም፣ ኢንጂነር» አልኩ። «የሚታየው ውቕሮ ነው።»

ሞደሙ ጮኸ። ያ ሲያንቋርር የሚሰማው ድምፅ እንደዚያ ቀን ጥሞኝ አያውቅም። መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። እሱ ወደ ሞደሙ ጎንበስ ብሎ፣ «ገባች» አለ በቀስታ። «አሁን ጠየቀች። አሁን እየሄደላት ነው።» ቀይዋ መብራት ሳታቋርጥ ትርገበገባለች። ኢንጂነር ሰዓታቸውን አዩ። ኣቦይ ማሽኑን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይሞቃል» አሉ፣ በሕይወት መኖሩን የተጠራጠሩ ይመስል።

መብራቶቹ ጠፉ።

ስልኩ አልጮኸም።

አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት። መስመሩ በመሐል ተቋርጦባት ይሆን? ግማሹን ብቻ ወስዳ ይሆን? ኢንጂነር ስልኩን አንሥተው የውቕሮን ቁጥር ራሳቸው ደወሉ። «ተይዟል» አሉ፣ አስቀመጡት። በዓይነ ሕሊናዬ ሻንጣዬን ከአልጋዬ ሥር ሳወጣ አየሁት። ቀና ስል እሱ እያየኝ ነው። በከንፈሩ ብቻ «አጆኺ»፣ አይዞሽ፣ አለኝ።

ስልኩ ጮኸ።

ከእኔ ቀድመው ኢንጂነር አነሡት። የውቕሮዋ ባለሙያ ድምፅ እኛ ዘንድ ድረስ ይሰማል። «መጺኡ! መጺኡ! ውይ ይቅርታ፣ እሷ ያነሣች መስሎኝ... መጥቷል ኢንጂነር! ደንግጬ ስልኩን ወደ ሌላ ሰው ደወልኩት!»

ኢንጂነር አልሳቁም። «ምን ይታይሻል? አንብቢልኝ።»

ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። አንዱም አልቀረም። ቀጥላ ድምፅዋ ተለወጠ። «ሦስተኛው ቁልቁል እየወረደ ነው። ይኼ እኮ እኛ ሰፈር ያለው ነው። ሴቶቹ ባለፈው ወር ገመዱ አልደርስ ብሏቸው ቀጥለውበታል። እኔ ሰንፈው ነው ብዬ ነበር፣ ኢንጂነር፤ ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ሲወርድ አላየሁትም። በየወሩ የምልከው ቁጥር እኮ ነው፤ እኔው ለክቼ!»

ኢንጂነር ስልኩን ሳይዘጉ በእጃቸው ሸፍነው ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ፣ «ሰኞ የቁፋሮ ሰዎች እልክልሻለሁ» አሏትና አስቀመጡት። ወደ እኔ ዞሩ። ደብዳቤው ለካ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ ሁለት ደብዳቤ ነበር ያመጡት። አንዱን መልሰው ከተቱት። ሌላውን፣ የቋሚነቱን፣ ሰርቨሩ ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ኣቦይም ፈረሙ፤ ሲወጡ፣ «ጓለይ፣ ለዚህ ዳንቴል እንዳትሠሪለት» አሉኝ።

ሁለታችን ቀረን። ደብዳቤውን በእጄ ይዤ ሦስቴ አነበብኩት። እሱ የሞደሙን ገመድ የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

«እንግዲህ ደሴ አትሄጂም» አለ።

«አልሄድም።»

«ጭራሽ?»

«ለዕረፍት እሄዳለሁ እንጂ። እናቴን ላያት።»

«መቼ?»

«መስከረም።»

ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። «ብቻሽን?»

ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያን ጆሮ ዛሬም ብሥል እችላለሁ።

«መንገዱ ረጅም ነው» አልኩት። «ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።»

መስከረም ላይ አብረን ሄድን። የአላማጣን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ ድረስ የምናወራው ስለ ሰርቨሩ ነበር።